የምርምር ገንዘብ የት ነው ያለው?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ፒኤችዲዬን ከጨረስኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የምሠራው መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩ የግራንት ዝርዝሮችን እያየሁ አራት ቦታ አመለከትኩ። አንዱም አልተሳካም። ሁለቱ ምክንያቱን እንኳ አልነገሩኝም። ለመሆኑ ገንዘቡ የት ነው ያለው? ወይስ ሰው የሌለው ሰው በከንቱ ነው የሚለፋው?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ብዙ ጎበዝ ተመራማሪዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ያ ጥርጣሬ ነውና።

ነገሩ በዘመድ አይደለም። ትልልቆቹ ገንዘብ ሰጪዎች ፕሮፖዛል የሚያስገመግሙት ከተለያየ ተቋም በተውጣጡ ባለሙያዎች ነው። ከአመልካቹ ጋር የሥራ ወይም የቅርብ ግንኙነት ያለው ገምጋሚ በዚያ ፕሮፖዛል ላይ እንዲወስን አይፈቀድለትም። እንዲህ ባሉ ግምገማዎች ላይ ተቀምጬ፣ ማንም የማያውቀው ወጣት ሲያሸንፍና ስመ ጥር ፕሮፌሰር ሲወድቅ አይቻለሁ። ግን አንድ ነገር እውነት ነው። ከሚያሸንፉት ብዙዎቹ ገንዘብ ሰጪው ምን እንደሚፈልግ ከማመልከታቸው በፊት ጠንቅቀው ያውቃሉ። ጥሩ ሜንተር ያለው ሰው ይህን ከሜንተሩ ይሰማል። የሌለው ደግሞ ራሱ ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል፤ መረጃው አደባባይ ላይ ነው የተቀመጠው። እርስዎ ሲፈልጉ የቆዩት ግን እዚያ አይመስለኝም።

የክፍት ጥሪ ዝርዝሮች የሚጠቅሙት ለአንድ ነገር ነው፤ የማመልከቻ ቀን እንዳያልፍዎት። ከዚያ ውጪ ያሳስታሉ። ጥሪ ብዙ ሰው እንዲያመለክት ተብሎ ሰፋ አድርጎ ነው የሚጻፈው። የእርስዎን መስክ ስም ያዘለ ጥሪ ሁሉ ለእርስዎ የተጻፈ ይመስላል። ካርብ-ኤክስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተቋቋመና ማዕከሉን ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያደረገ፣ በመድኃኒት መላመድ ላይ ብቻ የሚሠራ ገንዘብ ሰጪ ነው። በመስኩ ያለ ሰው ሁሉ «ይኸው የእኔ!» ይላል። የሚከፍለው ግን ለምርት ነው። አዲስ መድኃኒት፣ ክትባት ወይም ፈጣን መመርመሪያ ከቤተ ሙከራ ተነስቶ ወደ ሰው ሙከራ እንዲደርስ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው። እርስዎ «የተላመደው ባክቴሪያ በሆስፒታሎች ውስጥ እንዴት እየተዛመተ ነው?» ብለው የሚጠይቁ ከሆነ፣ ፕሮፖዛሉ የቱንም ያህል ቢያምር ቦታው እዚያ አይደለም። ውድቅ ሲሆንብዎት ሳይንሱ የደከመ ይመስልዎታል። ያንኳኩት ግን የተሳሳተ በር ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ይገልብጡት። «ማን ሊሰጠኝ ይችላል?» የሚለውን ትተው «የእኔን ለሚመስል ሥራ እስካሁን ማን ከፍሏል?» ብለው ይጀምሩ። ከምመክርዎት ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ገንዘብ ሰጪ ስለ ራሱ የሚጽፈው ምኞቱን ነው፤ እውነተኛ ፍላጎቱ የሚታየው በከፈለበት ሥራ ላይ ነው።

እንዴት ይፈለጋል? በጣም ቀላሉ መንገድ እጅዎ ላይ ነው። ከእርስዎ ሐሳብ ጋር በጣም የሚቀራረቡ፣ በቅርብ ዓመታት የወጡ አሥር ያህል የጥናት ጽሑፎችን ያውጡ። ግኝቱን ለጊዜው ይተዉትና ወደ መጨረሻው ገጽ ይሂዱ። የገንዘብ ድጋፍ ምንጭ የሚገለጽበት አንቀጽ አለ። ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፈዋል። የገንዘብ ሰጪው ስምና ብዙ ጊዜም የግራንቱ ቁጥር እዚያ አለ። እነዚያን ስሞች በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ይሰብስቡ። ሦስት ወይም አራት ስም እየተደጋገመ ሲመጣ ያያሉ። አንዳንዶቹን ከነጭራሹ ሰምተዋቸው አያውቁ ይሆናል።

ቀጥሎ ወደ መረጃ ቋቶቹ ይግቡ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች፣ ማለትም ኤንአይኤች፣ «ሪፖርተር» የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ ቋት አለው። የተከፈለባቸው ፕሮጀክቶች አጭር መግለጫ፣ የዋናው ተመራማሪ ተቋም፣ የገንዘቡ መጠንና ከሥራው የወጡት ጽሑፎች ሳይቀሩ ይገኙበታል። ውስጡ «ማችሜከር» የሚባል መሣሪያ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። የራስዎን ሐሳብ በአንድ አንቀጽ ጽፈው ይለጥፉበታል። እሱ ደግሞ ተመሳሳይ ፕሮጀክቶችን፣ የከፈሉባቸውን ኢንስቲትዩቶችና የሚከታተሏቸውን ፕሮግራም ኦፊሰሮች (የገንዘብ ሰጪውን ባለሙያ ሠራተኞች) ያወጣልዎታል። ኤንአይኤች በሥሩ 27 ኢንስቲትዩቶችና ማዕከላት ስላሉት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ የማይፈልገውን ሐሳብ ሌላው ሊፈልገው ይችላል። ለአውሮፓ ኅብረት ፕሮጀክቶች «ኮርዲስ» አለ። ለብሪታኒያ መንግሥት የምርምር ገንዘብ «ጌትዌይ ቱ ሪሰርች» አለ። «ዩሮፕ ፒኤምሲ» ደግሞ የበርካታ የሕክምና ምርምር ገንዘብ ሰጪዎችን ግራንት በአንድ ላይ ለመፈለግ ያስችላል።

ሲያነቡ ርዕሱን ብቻ አይዩ። መጠኑንና የቆይታ ጊዜውን ይዩ። መሪው ወጣት ነው ወይስ አንጋፋ? ተቋሙ የት አገር ነው ያለው? ሥራው መሠረታዊ ሳይንስ ነው፣ የታካሚዎች ክትትል ነው፣ ወይስ የተረጋገጠን ነገር በተግባር ማዋል? ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል ሰው በዝርዝሩ ውስጥ አንድም ከሌለ፣ ማስታወቂያው «ሁሉም ማመልከት ይችላል» ቢልም ጊዜዎን ሌላ ቦታ ያውሉት። ሁለት ሦስት ካገኙ ግን ቤትዎ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ሁኔታ ልምጣ። «ፒኤችዲዬን ከጨረስኩ ሦስት ዓመት» ያሉት ነገር ከጥያቄዎ ሁሉ አስቸኳዩ ነው። አንዳንድ ገንዘብ የሚሰጠው ለፕሮጀክቱ ነው። አንዳንዱ ግን ለሰውዬው ነው፤ ለዚያውም ከዲግሪው በኋላ ባሉት የተወሰኑ ዓመታት ውስጥ ብቻ። የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ስታርቲንግ ግራንት ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ደንብ ፒኤችዲ ከተያዘ ከ2 እስከ 7 ዓመት የሆናቸውን የሚመለከት ነው። ገንዘቡ በመደበኛነት እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ለ5 ዓመት ነው። ዜግነት አይጠይቅም፤ ሥራው ግን በአውሮፓ ኅብረት ወይም ከፕሮግራሙ ጋር በተሳሰረ አገር ተቋም መሠራት አለበት። ደንቡ ስለሚሻሻል የዓመቱን መመሪያ ማየት ግድ ነው። የብሪታኒያው የጤና ምርምር ገንዘብ ሰጪ ዌልካምም ገና ለሚጀምሩ ተመራማሪዎች የተለየ ድጋፍ አለው። የኤንአይኤች አካል የሆነው ፎጋርቲ ማዕከል ደግሞ ኬ43 የሚባል፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ተቋማት ላሉ ጀማሪ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ የግራንት ዓይነት አለው። ጥሪው በዚያ ዓመት ክፍት መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። የፕሮጀክት ገንዘብ ከአምስት ዓመት በኋላም ይኖራል። ይህ ግን ያልፍብዎታል። ስለዚህ አሁኑኑ ወረቀት ላይ ከጊዜ ገደባቸው ጋር ይጻፏቸው።

ትልቁን ለመያዝ ደግሞ ትንሹ ይረዳል። ገምጋሚዎች በአብዛኛው የመነሻ ዳታ ማየት ይፈልጋሉ። ዳታ ለማግኘት ግን ገንዘብ ያስፈልጋል። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው አነስተኛ ግራንት ነው። በብሪታኒያ የሚገኘው የትሮፒካል ሕክምናና ንጽህና ሮያል ማኅበር ለጀማሪ ተመራማሪዎች እስከ 5,000 ፓውንድ ይሰጣል። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የተወሰኑ ናሙናዎችን ሰብስቦ አንድ ጥሩ ምስል ለማውጣት ይበቃል። መቀመጫውን ጣሊያን ትሪየስቴ ያደረገው የታዳጊው ዓለም የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት በሳይንስ ወደ ኋላ በቀሩ አገሮች ላሉ ሴቶች እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የጀማሪ ፌሎሺፕ አለው። ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሙያ ማኅበራትና የጥናት መጽሔት አሳታሚ ማኅበራትም ትናንሽ ድጋፍ አላቸው፤ የሚወዳደርባቸው ሰው ትንሽ ነው። ሰው የሚንቃቸው መጠናቸውን እያየ ነው። እኔ ግን አንድ ትንሽ ግራንት በአግባቡ ጨርሶ ሪፖርት ያስገባ ሰው ትልቁን ሲያመለክት የሚያገኘውን አክብሮት አይቻለሁ። «ይህ ሰው ገንዘብ ይዞ ሥራ ይጨርሳል» የሚለው ማስረጃ ከዳታው እኩል ይቆጠራል።

የመነሻ ዳታ የማይጠይቁም አሉ። ጌትስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ግራንድ ቻሌንጅስ ኤክስፕሎሬሽንስ በሁለት ገጽ ማመልከቻ፣ ያለ መነሻ ዳታ፣ 100,000 ዶላር ይሰጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተመሳሳይ አጫጭር ጥሪዎችን ያወጣሉ። ሂውማን ፍሮንቲየር ሳይንስ ፕሮግራምም ከተለያየ አገርና ከተለያየ መስክ የተጣመሩ ቡድኖችን ይደግፋል፤ የመነሻ ውጤት ግዴታ አያደርግም። የሚያተኩረው ግን በሕይወት መሠረታዊ ሳይንስ ላይ ነው። በሽታን ለማከም የታሰበ ሐሳብ እዚያ አይሄድም። አሁንም ያው ነው፤ ማን ለምን እንደሚከፍል ማወቅ።

በሽታው የራሱ የታካሚዎች ማኅበር ካለው እሱንም አይዝለሉ። በአሜሪካ የሲስቲክ ፋይብሮሲስ (በዘር የሚተላለፍ፣ ሳንባን የሚጎዳ በሽታ) ፋውንዴሽን የከፈለበት ምርምር እ.ኤ.አ. በ2012 ለፈቃድ የበቃ መድኃኒት አስገኝቷል። የታካሚ ቤተሰቦች ያዋጡት ገንዘብ ነው መነሻው።

ዝርዝርዎ ወደ ሦስት ወይም አራት ስም ሲወርድ፣ ብዙ ሰው የሚፈራው ሥራ ይመጣል። ለፕሮግራም ኦፊሰሩ ኢሜይል መጻፍ። ይህ ልመና አይደለም። ለዚህ ነው የተቀጠሩት። ተገቢ ሐሳብ ያለው ሰው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ የማይሆን ማመልከቻ ደግሞ ለእነሱም ሥራ ማብዛት ነው። ኢሜይሉ አጭር ይሁን። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማን እንደሆኑ፣ በሁለተኛው ምን ጥያቄ መመለስ እንደሚፈልጉ፣ በሦስተኛው እንዴት። የትኛውን ጥሪ እንዳሰቡ ይጥቀሱ። አንድ ገጽ መግለጫ ያያይዙ። ከዚያ አንድ ግልጽ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ይህ ሐሳብ በዚህ ጥሪ ሥር ይገባል ወይስ ሌላ የሚሻል ፕሮግራም አለ?» «ምን ይመክሩኛል?» የሚል ክፍት ጥያቄ መልስ አያገኝም። ሁለት ሳምንት ጠብቀው አንዴ በትሕትና ያስታውሱ። ይህ አሠራር ያለው ግን ሁሉም ቦታ አይደለም። ለአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራሞች በየአገሩ የተሰየሙ አማካሪዎች አሉ፤ ጥያቄው ለእነሱ ይቀርባል። «አይ፣ ይህ የእኛ አይደለም» የሚል መልስም ትልቅ ትርፍ ነው። የሦስት ወር ድካም አድኖልዎታል።

አሁን ስለ ጽሑፉ። ሁሉንም ማለት አልችልም፤ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ላንሳ።

አንደኛ፣ መግቢያዎ። በእርስዎ መስክ አብዛኛው ፕሮፖዛል የሚጀምረው በአንድ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። አስደንጋጭ ነው፤ እውነትም ነው። ገምጋሚው ግን በዚያው ሳምንት ባነበባቸው ፕሮፖዛሎች ሁሉ ላይ አግኝቶታል። ችግሩ ትልቅ መሆኑን ማንም አልካደም። ጥያቄው እርስዎ የትኛዋን ክፍተት እንደሚዘጉ ነው። እንዲህ ብለው ይጀምሩ፦ «በጨቅላ ሕፃናት ክፍላችን ካርባፔነም የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደ ክሌብሲዬላ የሚባል ባክቴሪያ ይገኛል። ከሕፃን ወደ ሕፃን ነው የሚተላለፈው ወይስ ከእናት ነው የሚመጣው? አናውቅም። ይህን ካላወቅን መከላከያው በእጅ ንጽህና ላይ ያተኩር ወይስ እናቶችን በመመርመር ላይ፣ መወሰን አንችልም።» ገምጋሚው እዚህ ላይ ቀና ይላል። ያልታወቀው ነገር ታውቋል፤ ሲታወቅ ምን እንደሚለወጥም ታውቋል።

ሁለተኛ፣ ዓላማዎቹ። ሁለተኛው ዓላማ የመጀመሪያው ሲሳካ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚያየው ስንጥቅ እሱ ነው። የመጀመሪያው ባይሳካስ? እያንዳንዱ ዓላማ ለብቻው አንድ የሚጠቅም ነገር ማስገኘት አለበት። የማይሳካበትን መንገድም ራስዎ ያንሱት፤ ምን እንደሚያደርጉም ይጻፉ። አደጋን የደበቀ ፕሮፖዛል ልምድ የሌለው ሰው ሥራ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ገጽ። ጆርጅ ሃይልማየር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካን የመከላከያ ምርምር ድርጅት ዳርፓን ሲመራ ለእያንዳንዱ ሐሳብ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ነበሩት። ምን ልታደርግ ነው? ያለ ሙያ ቃላት ንገረኝ። ዛሬ እንዴት ነው የሚሠራው፣ ጉድለቱስ ምንድን ነው? ያንተ መንገድ ምን አዲስ ነገር አለው? ቢሳካ ማን ይጠቀማል? አደጋው፣ ወጪው፣ ጊዜው? መሳካቱን በምን እናውቃለን? እነዚህን በአንድ ገጽ መመለስ ካልቻሉ አሥራ ሁለት ገጽ አያድንዎትም። ያን ገጽ ከመስክዎ ውጪ ላለ ሳይንቲስት ይስጡ። ያልገባውን ቦታ ይንገርዎት፤ አይከራከሩት፣ እንደገና ይጻፉት። በኤንአይኤች ግምገማ ከቀረቡት ማመልከቻዎች ግማሽ ያህሉ በስብሰባው ላይ ውይይት ሳይደረግባቸው እንደሚቀሩ ልብ ይበሉ። ለውይይት መብቃትና አለመብቃት የሚወሰነው ሁለት ሦስት ሰዎች ለብቻቸው ሲያነቡ በተሰማቸው ነገር ነው። የመጀመሪያው ገጽ ያን ያህል ይመዝናል።

ጽሑፉን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጽፎ በየቦታው መበተንም መፍትሔ አይደለም። ኤንአይኤች ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ በአብዛኛው በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ማመልከቻ እንደማይቀበል አስታውቋል። አንድ ዋና ተመራማሪ በዓመት ከ6 ማመልከቻ በላይ እንዳያስገባም ገድቧል።

በጀት ላይ ሰዎች ለማስደሰት ብለው ያሳንሳሉ። አይጠቅምም። ገምጋሚው የሥራውን ዋጋ ያውቃል፤ በዚህ ገንዘብ አያልቅም ብሎ ይደመድማል። የናሙና ማጓጓዣ፣ የፍሪዘር መብራት፣ የዳታ ማስቀመጫ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ የማሳተሚያ ክፍያ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ደመወዝ፣ እነዚህ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። የተቋሙ አስተዳደራዊ ወጪ፣ ኦቨርሄድ የሚሉት፣ ለብቻው ደንብ አለው። ኤንአይኤች ለውጭ አገር ተቋማት በተለምዶ የሚሰጠው 8 በመቶ ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲዎ ሕግ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ግራንቱ ከመጣ በኋላ ከመጣላት አሁኑኑ ከግራንት ቢሮው ጋር ይነጋገሩ። ምዝገባውንም እንዲሁ። ለአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ተቋሙ ራሱ በተለያዩ ሥርዓቶች ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ሳምንታት ይወስዳል። ምርጥ ፕሮፖዛል ይዘው በመጨረሻው ሳምንት በምዝገባ ምክንያት ሳያስገቡ የቀሩ ሰዎች አሉ፤ በጣም ያሳዝናል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለማመልከት ወይም «ግራንቱን ለመልቀቅ» ቀድመው ገንዘብ የሚጠይቅዎት ካለ አጭበርባሪ ነው፤ ይራቁ። የመድኃኒት ኩባንያ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ውሉን በደንብ ያንብቡ። ውጤቱ ባያስደስታቸውም የማሳተም መብትዎ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ አይፈርሙ። ታካሚዎች ናሙናቸውን የሰጡት ውጤቱ መሳቢያ ውስጥ እንዲቀር አይደለም።

አንድ ገንዘብ ሰጪ ላይ ብቻም አይንጠልጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ኤንአይኤች ገንዘቡ በአሜሪካ ተቋማት በኩል ለውጭ አጋሮች የሚተላለፍበትን አሠራር ሲቀይር፣ በዚያ መንገድ ብቻ ሲሠሩ የነበሩ ቡድኖች እንደገና ለማሰብ ተገድደዋል።

ስለ አራቱ ውድቀቶች የምነግርዎት ነገር አለ። ግምገማ ፍጹም መለኪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት 43 ገምጋሚዎችን ሰብስቦ 25 የኤንአይኤች ማመልከቻዎችን አስገመገመ። አንድን ማመልከቻ ያነበቡ ገምጋሚዎች በውጤቱ ላይ ያላቸው ስምምነት እጅግ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። የኒውዚላንድ የጤና ምርምር ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአንዳንድ ግራንቶቹ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል በዕጣ መምረጥ ጀመረ። ጥሩ ከሆኑት መካከል ምርጡን በትክክል መለየት እንደማይቻል በግልጽ መቀበል ነው ይህ። ስለዚህ አንድ «አይሆንም» ስለ ሐሳብዎ ብዙ አይናገርም። ሁለት ገምጋሚዎች በየፊናቸው ተመሳሳይ ነገር ካነሱ ግን ያ ነገር እውነት ነው። አስተያየት የሰጡዎትን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡና የሚደጋገመውን ይፈልጉ። ማሻሻል ያለብዎት እሱን ነው። ብዙ ቦታ እንደገና ማስገባት ይፈቀዳል። ኤንአይኤች ለምሳሌ እስከ 37 ወር ድረስ አንድ ጊዜ የተሻሻለ ማመልከቻ ይቀበላል፤ ለገምጋሚዎች መልስ የሚሰጡበት አንድ ገጽም ይፈቅዳል።

ምክንያት ላልነገሩዎት ሁለቱ አጭር ኢሜይል ይጻፉ፤ የገምጋሚ አስተያየት ካለ እንዲልኩልዎት ይጠይቁ። መልስ ባይመጣ ባለፉት ሦስት ዓመታት የሰጧቸውን ግራንቶች ዝርዝር ከፍተው ያንብቡ። እርስዎን የሚመስል ሰው እዚያ ውስጥ ካለ በሚቀጥለው ዙር ይመለሱ። ከሌለም መልሱን አግኝተዋል።